ለእርቅ የመጡ መስሎኝ ነበር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ታላቅ ወንድሜ ታምራት በመኪና አደጋ የሞተ ጊዜ። ስለ አደጋው ብዙ የምጽፈው የለኝም። የመቂን መንገድ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ስለ አንድ ቀን ነው። ወንድሜ ሞቶ፣ እኔ ግን መሞቱን ሳላውቅ፣ ሌላ ሰው ስጠረጥር ስለዋልኩበት ቀን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ ያን ቀን ግን አልረሳሁትም።

ከዚያ በፊት የነበረው የመጨረሻው ደህና ቀን እሑድ ነበር። የምንኖረው አዳማ ነው፤ እናቴ፣ ታምራትና እኔ። ከሰዓት በኋላ ታምራት ግቢያችን ካለው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብሎ ሰማያዊ ሳጥኑን በሳሙና ያጥባል። በረዶ የሚይዝ የፕላስቲክ ሳጥን ነው፤ ለምርመራ የሚፈልገውን ዓሣ የሚያመላልስበት። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«ዛሬም በሽተኛ ይዘህ መጣህ?»

«ዛሬ ባዶ ነው እትዬ። በሽተኞቹ ነገ ነው የሚመጡት።»

«አልጋ ይይዛሉ ወይስ መድኃኒት ተቀብለው ይመለሳሉ?»

«እንደ ሕመማቸው ነው። ጤነኛ ከተገኘ ለእርስዎ አስቀርልዎታለሁ።»

«ተወኝ እባክህ። አንተ ይህን ሥራ ከጀመርክ ወዲህ ዓሣ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ ፊቱን ነው የማየው፣ አሞት እንደሆነ ብዬ።»

እናቴ ከውስጥ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሌላ የተለየ ነገር አልነበረም።

ስለ ሥራው ትንሽ ልናገር፤ አለዚያ ቀጥሎ ያለው አይገባም። ታምራት ዩኒቨርሲቲ የተማረው ስለ ዓሣ ነው። ሁለተኛ ዲግሪውን ሲሠራ፣ ጀማል ከሚባል የአሰላ ልጅ ጋር ሆነው የዓሣን በሽታ እዚያው ኩሬው ዳር የሚለይ መመርመሪያ ሠሩ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ሳይንሱን በደንብ ልገልጸው አልችልም። የገባኝ ይህን ያህል ነው። ዓሣው በሚተነፍስበት በኩል በጥጥ ጠረግ ያደርጋሉ። ጥጡን ውሃ በሚመስል ነገር ያጥቡታል። ከዚያ የወባ መመርመሪያ በምታክል ቁራጭ ላይ ጠብ ያደርጉታል። መስመር ከወጣ ዓሣው ታሟል ማለት ነው። ድሮ ናሙናው አዲስ አበባ ሄዶ መልስ እስኪመጣ ኩሬው ያልቅ ነበር። ገበሬው ጠዋት ወጥቶ ሲያይ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣው ሁሉ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፍፎ ያገኘዋል።

ጥናቱ ተመርቀውበት መደርደሪያ ላይ ከሚቀር ብለው ንግድ አደረጉት። ፈቃድ አወጡ። ፍራንኮ አካባቢ ድሮ ፎቶ ቤት የነበረች አንዲት ክፍል ተከራይተው «የዓሣ ጤና ምርመራ» የሚል ታፔላ ሰቀሉ። ታፔላውን በደንብ ሳያነብ የሚገባ ሰው ብዙ ነበር። «ጥብስ ነው ለብለብ ያላችሁ?» ይላል ቁጭ ብሎ። ጀማል አይስቅም። «እኛ ጋ የሚመጣ ዓሣ አይበላም» ይላል በደረቁ። ታምራት ደግሞ ሰውዬው እስኪወጣ ጠብቆ «እባክህ እንዲህ አትበል፣ በእኛ ምክንያት ከተማው በሙሉ ዓሣ ሊያቆም ነው» ይለዋል።

ለፈቃዱ ሦስተኛ ስም ያስፈልጋል ስለተባሉ ቢሾፍቱ ያለው አጎታችን ስሙን አስገባ። ስለዚህ ሦስት ናቸው። ታምራት፣ ጀማልና አጎቴ።

ሥራው መለመድ ሲጀምር አንድ ባለሀብት መጣ። ቆቃ አካባቢ ትልልቅ ኩሬዎች ያሉት፣ የዓሣ ጫጩት ለገበሬ የሚያከፋፍል ሰው ነው። መመርመሪያውን፣ ቁራጮቹን የሚሠሩበትን ማሽን፣ ስሙን፣ ሁሉንም ልግዛችሁ አለ። ታምራት እምቢ አለ። «የራሱን ጫጩት የሚሸጥ ሰው የራሱን ዓሣ ራሱ መርምሮ ደህና ነው ሊል ነው እኮ። ገበሬው ማንን ይመን?» ይል ነበር። ጀማል ግን እንደ ታምራት ቁርጥ አድርጎ እምቢ አላለም። እናስብበት ነው ያለው። እስከመቼ ሳጥን ታቅፈን በሚኒባስ እንዞራለን ነው ያለው። በዚህ ሲጨቃጨቁ ሰነበቱ።

ያን እሑድ ሳጥኑን አጥቦ ሲጨርስ ታምራት እጁን እያደረቀ እንዲህ አለኝ። «ጀማል ልቡ ወደ ሰውዬው ሳይሄድ አልቀረም። ለብቻው ሳያናግረውም አልቀረም። አጎቴን ካሳመነው ሁለት ለአንድ ይሆኑብኛል። እኔ በሌለሁበት አንድ ነገር ይዞ ከመጣ ዝም ብለህ እንዳትቀበለው።»

እሺ አልኩት። ወዲያው ደግሞ ሳቅ አለና «ተው ባክህ፣ ጀማል እኮ ነው» አለ።

ሰኞ ጠዋት በባጃጄ መናኸሪያ አደረስኩት። ባቱ አንድ ገበሬ ዓሣው እየሞተበት ነበር፤ ናሙና ወስዶ ማታ ሊመለስ ነው የሄደው። ሲወርድ ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየና «የፊቱ ንፋስ ጎድሎታል፣ አስሞላው» አለኝ። በመካከላችን የተባለው የመጨረሻ ነገር ይኼው ነው። ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ሚኒባስ ውስጥ ሲቀመጥ አየሁትና ተሳፋሪ አግኝቼ ሄድኩ።

ምሳ ሰዓት አለፍ ሲል ጀማል ደወለ። ለእኔ ብዙ አይደውልም።

«ምሳ በልተሃል?» አለኝ።

ምሳ መብላት አለመብላቴን ጠይቆኝ አያውቅም። «በልቻለሁ። ምነው?»

«ምንም። የአጎትህን ስልክ ፈልጌ ነበር።»

አጎቴን ሲል ነቃሁ። እሑድ የተባልኩት ነገር ጆሮዬ ውስጥ ነበር። «ለምን ፈለግከው?»

«አንድ ጉዳይ ነበረኝ።»

«ከታምራት ለምን አትወስድም?»

«ስልኩ አይሠራም።» ቀጥሎ «ኔትወርክ የለም መሰለኝ» ብሎ ጨመረበት።

«ባቱ እኮ ከተማ ነው።»

«ቁጥሩን ብቻ ስጠኝ» አለ። ቁጥሩ የለኝም ብዬ ዘጋሁት። ውሸቴን መሆኑን እንደሚያውቅ አውቃለሁ፤ እንዲያውቅም ፈልጌ ነው። ከዚያ ታምራት ጋ ደወልኩ። ማግኘት አይቻልም የምትለዋ ሴት ናት የመለሰችልኝ። ደግሜ ደወልኩ። ያው ናት።

እንደዚህ ነው ያሰብኩት። ታምራት ባቱ መሄዱን ጠብቆ ጀማል ጉዳዩን ሊጨርስ ነው። አጎቴን የሚፈልገው ለፊርማ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

ተሳፋሪዬን አውርጄ ወደ ፍራንኮ ሄድኩ። ክፍሏ ተዘግታለች። በሥራ ቀን በዚያ ሰዓት ተዘግታ አይቻት አላውቅም። ፊቴን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ወደ ውስጥ አየሁ። ማሽኑ አለ። ፍሪጁ አለ። ግድግዳው ላይ የሁለቱ የምርቃት ፎቶ ጎን ለጎን ተሰቅሎ ነበር። የጀማል አለ። የታምራት የለም። ምስማሩ ብቻ ነው የቀረው።

ከጎናቸው ልብስ የሚሰፋ ሰውዬ አለ። «ፎቶውን ማን አወረደው?» አልኩት።

«ጀማል ነዋ። በፌስታል ጠቅልሎ ይዞት ወጣ።»

«ምን ብሎ?»

«ምንም አላለኝ። ሰላምታዬንም አልመለሰም። ዓይኑ ደም መስሏል፤ ምን ሆኖ እንደሆነ እንጃ።»

ሌሊቱን ከባለሀብቱ ጋር ሲመካከር አድሮ ነው አልኩ በልቤ። ፎቶውን ማውረዱ ደግሞ ከሁሉም አናደደኝ። ቢያንስ እስኪፈርሙ እንኳ መቆየት አቃታቸው? ሰው ገና ስሙ ፈቃዱ ላይ እያለ ከግድግዳ ይወርዳል?

ወደ አጎቴ ደወልኩ፤ አያነሳም። ሚስቱ ጋ ደወልኩ።

«ወደ ናዝሬት መጥቷል» አለችኝ። ድምጿ የእሷ አልመሰለኝም።

«ለምን?»

«አንድ ጉዳይ ነበረው። አንተ የት ነህ አሁን? ብቻህን ነህ?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«እሺ። በል ቀስ ብለህ» ብላ ዘጋችው።

እሷም ታውቃለች አልኩ። ሁሉም ያውቃሉ፣ እኔና ታምራት ብቻ ነን የማናውቀው። በዚያ ሰዓት ይህን ሳስብ እኔና ታምራት በአንድ ወገን መሆናችን ትንሽ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጀማልን ያገኘሁት ፀሐይዋ ማዘንበል ስትጀምር ነው። ከአንድ መኪና ወርዶ ወደ ክፍሏ ሲሄድ ደረስኩበት። ሸሚዙ አፈር ብቻ ነው። በእጁ የታምራትን ሰማያዊ ሳጥን ይዟል።

ባጃጁን መንገዱ መሀል ትቼ ወረድኩ።

«ታምራት የት ነው?»

«ባቱ።»

«ሳጥኑስ?»

«በሰው ላከው።»

«በማን?»

«በሾፌር።» ዓይኔን አያይም። ጫማዬን ነው የሚያየው።

«ታምራት ይህን ሳጥን ለሾፌር አይሰጥም። አንተም ታውቃለህ።»

ሳጥኑን ወደ ሌላ እጁ አዛወረው። አንዱ ጥግ ተሰንጥቋል። የሰው ንብረት ስለሆነ አላሳዘነውም አልኩ፣ ወርውሮት ነው አልኩ። አየሁት እኮ። በዓይኔ አይቼ ነው እንደዚያ ያሰብኩት።

«ፎቶውን ለምን አወረድከው?»

ፊቱ ተለወጠ። ያዝኩት አልኩ።

«መስታወቱ» አለ፤ «መስታወቱ ሊቀየር ነው።»

«የአንተስ? የአንተ መስታወት ደህና ነው?»

ልብስ ሰፊው ወጥቶ ያየናል። ከኋላዬ ያሉ መኪኖች ጡሩንባ ይነፋሉ። ያኔ ነው ሌባ ያልኩት። ጮኼ አይደለም፤ ግን ሁሉም ሰምቷል። አንተ ሌባ፣ ነገ እሱ ሲመጣ የት ትገባለህ አልኩት።

ይጣላኛል ብዬ ነበር። ብጣላው ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን «እሺ» ብቻ አለ። ከዚያ «ባጃጁን ዛሬ ብታቆመው ምን አለበት? ቤት ግባና እናትህ ጋ ሁን» አለኝ።

«አንተ ነህ የምታዘኝ?»

«አይደለሁም» አለ። «ቀስ ብለህ ንዳ ብቻ።»

እኔም ወደ ቤት ሄድኩ፤ እሱ ስላለኝ ሳይሆን እናቴን ብቻዋን እንዳያገኟት ብዬ። ሰፈር ስደርስ የአጎቴን መኪና የእድራችን ቤት አጠገብ ቆማ አየኋት። በሩ ገርበብ ብሏል። አጎቴና የእድራችን ዳኛ ጋሽ ለማ ግንባር ለግንባር ገጥመው ያወራሉ። ጀማል በሌላ መንገድ ቀድሞኝ ደርሶ በሩ አጠገብ ቆሟል።

ጀማል የእኛ ሰፈር ሰው አይደለም። የእድራችን አባልም አይደለም። ጋሽ ለማ ጋ ምን አለው? እዚያው ቆሜ አሰብኩና መልሱ መጣልኝ። ሽማግሌ እየለመነ ነው። ጉዳዩን ጨርሶታል፣ ፈርመዋል፣ አሁን ታምራት ሲመለስ እንዳይጣላው ሽማግሌ እያዘጋጀ ነው። እኛ አገር ሽማግሌ የሚልከው የበደለው ነው። ስለዚህ በድሏል። ሁሉም ነገር ልክ ገጠመልኝ።

ገብቼ ልጮህባቸው ነበር። ጋሽ ለማን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አከብራቸዋለሁ፤ እሳቸው ፊት አፌን መክፈት አቃተኝ። አልፌ ሄድኩ።

ቤት እትዬ ዘነበች ከእናቴ ጎን ተቀምጠዋል። ወጥ ይዘው መጥተዋል፤ ብይ እያሉ ያጎርሷታል። እናቴ በሳቅ ትገፋቸዋለች። «ዛሬ ምን ነክቷታል፣ እንደ አራስ ካላጎረስኩሽ እያለችኝ እኮ ነው» አለችኝ።

የእናቴ ስልክ እትዬ ዘነበች ጭን ላይ ነው።

«የእኔ ተበላሽቶ ተዋስኳት» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ለነገ ትተውልኝ፤ ልጄ ይደውልልኛል።»

እሳቸውንም ጠረጠርኩ። ታምራት ለእናቴ እንዳይደውል አደረጉ አልኩ። ስልኩ ለምን አስፈለጋቸው፣ ጀማል እዚህ ድረስ ገብቷል ማለት ነው አልኩ። ለእናቴ ግን ምንም አልነገርኳትም። እንዳትጨነቅ ብዬ ዝም አልኩ። ታምራት ደወለ ወይ ብትለኝ ሥራ በዝቶበት ነው፣ ነገ ይመጣል አልኳት። እትዬ ዘነበች ይህን ስል ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ባቱ ሄጄ ለታምራት ያየሁትን ሁሉ ለመንገር ወስኜ ተኛሁ።

ገና ሳይነጋጋ ተነሳሁ። እናቴ ጓዳ ውስጥ ሻይ ጥዳለች። እትዬ ዘነበች ሳሎን እንዳደሩ ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ለምን እንዳደሩ አልጠየቅኩም። ጃኬቴን ለብሼ የግቢውን በር ስከፍት ሰዎቹ ቆመዋል።

ጋሽ ለማ ከፊት። የንስሐ አባታችን ከጎናቸው። አጎቴ ጋቢ ለብሶ። ጀማል ከሁሉም ኋላ፣ የትናንቱን ሸሚዝ እንደለበሰ።

ልክ እንዳሰብኩት። እርቅ በማለዳ ነው የሚመጣው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ።

«እንዴት አደርክ ልጄ» አሉ ጋሽ ለማ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ» አልኩ።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አጎቴ አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣና ቆመ።

«ታውቃለህ?» አሉ ጋሽ ለማ ቀስ ብለው። «ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም። በዓይኔ አየሁ። እርቅ የለም። እኔ በወንድሜ ፈንታ አልታረቅም። አሁን ባቱ ልሄድ ነው፤ ይዤው እመጣለሁ። የምትሉትን ለራሱ ንገሩት።»

የቆምኩበትን ቦታ እስከዛሬ አውቀዋለሁ። የንስሐ አባታችን ሲመጡ መስቀላቸውን ያወጣሉ፣ እንሳለማለን። ያን ቀን እጃቸው ከቀሚሳቸው ውስጥ አልወጣም። አጎቴ ካልሲ ሳያደርግ ነው ጫማ ያጠለቀው። እነዚህን አንድ በአንድ ሳይ፣ ከኋላቸው ጀማል አጥሩን ተደግፎ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ወረደ። ጉልበቱ መሀል ጭንቅላቱን ቀበረ።

የተጣላ ሰው እንደዚያ አይቀመጥም።

ማንም ሞተ አላለኝም። እስከዛሬ ድረስ ያን ቃል በቀጥታ የነገረኝ ሰው የለም። አጎቴ ክንዴን ያዘኝ። የያዘኝ እንዳልጮህ ነው ወይስ እንዳልወድቅ፣ አላውቅም። አልጮህኩም።

ጋሽ ለማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «እናትህ ተነስታለች?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ግባና እሳት ላይ የተጣደ ነገር ካለ አውርድ። ምን እንደያዘች እይ። እኛ እዚሁ ነን፣ ስትለን እንገባለን።»

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን እዚህ ላይ ላንሳ። መኪናው የተገለበጠው መቂ ሳይደርስ ነው፣ ጠዋት። ታምራት መጨረሻ የደወለው ለጀማል ስለነበር ፖሊስ የደወለው ለጀማል ነው። ሆስፒታል ብቻውን ሄዶ ያየው፣ ሳጥኑንም ከአደጋው ቦታ ያነሳው ጀማል ነው። አስከሬን ለመረከብ ዘመድ ያስፈልጋል ስላሉት ነው አጎቴን የፈለገው፤ እኔ ስከለክለው ከፈቃዱ ወረቀት ላይ ቁጥሩን አወጣ። ፎቶውን ያወረደው ለለቅሶው ትልቅ አድርጎ ሊያሳትመው ነው። ድንኳን ውስጥ አየሁት። ታምራት የምርቃት ቆቡ ትንሽ ዘንበል ብሎበት ይስቃል።

ሌባ ያልኩት ነገር በመካከላችን ተነስቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ለምን አልነገርከኝም ብዬው ነበር። «ባጃጅ እየነዳህ ነበር እኮ። መንገድ ላይ እንዴት ልንገርህ?» አለኝ።

ደግሞ ሌላም ጠይቄዋለሁ። ባለሀብቱን ለብቻህ አግኝተኸው ነበር ወይ አልኩት። አልዋሸኝም። «አዎ፣ አግኝቼዋለሁ» አለ። «ልንሸጥ ይገባል ብዬ አምን ነበር። ለታምራት የምነግርበትን ቀን ነበር የምፈልገው።» ስለዚህ ታምራት ያለኝ ከመሬት ተነስቶ አልነበረም። እስካሁን ግን አልሸጠውም። የታምራት ድርሻ በእናቴ ስም ነው፣ ሥራውም ይሠራል። እኔ ግን ዛሬም በፍራንኮ ሳልፍ ባጃጁን ቀዝቀዝ አድርጌ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አያለሁ። ጀማል ይህን የሚያውቅ ይመስለኛል። መጋረጃውን ዘግቶት አያውቅም።

ጥርጣሬ አልለቀቀኝም። ሰው ደውሎ ምሳ በልተሃል ወይ ካለኝ ማን ምን ሆነ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ጎረቤት ያለ ምክንያት ምግብ ይዞ ከመጣ ለቤተሰቤ አንድ በአንድ እደውላለሁ። ያን ቀን ለምን እንዳልገባኝ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ሁሉም ነገር ፊት ለፊቴ ነበር። ሳጥኑ ተሰንጥቆ፣ ሸሚዙ አፈር ሆኖ። አሁን የሚመስለኝ ይህ ነው፤ ጀማል ሌባ ከሆነ ታምራት አለ። የሚሰረቅ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ጀማልን ሌባ ሳደርገው የዋልኩት ለዚያ ይመስለኛል።

ያን ጠዋት ወደ ቤት ተመለስኩ። ሳሎን እትዬ ዘነበች አዩኝና ቶሎ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አልፌያቸው ጓዳ ገባሁ።

እናቴ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሻይ እየቀዳች ነበር። ዳቦ ቆርሳለች።

«ማን ነው በዚህ ጠዋት?» አለችኝ ሳትዞር።

«የእድር ሰዎች ናቸው።»

እጇ ቆመ። የእድር ሰው በማለዳ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

«ማን ሞተ?»

«አልነገሩኝም» አልኩ። እውነቴን ነበር።

«እኚያ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያሉት ሽማግሌ ናቸዋ» አለች። «ትናንት ጠንቶባቸዋል ሲሉ ነበር። ምስኪን፣ ልጆቻቸው እንኳ ሳይደርሱ።» ነጠላዋን ፍለጋ ዓይኗ ዞረ። ልትነሳ ነው። ለቅሶ ልትሄድ።

ትከሻዋን ያዝኩና መልሼ አስቀመጥኳት። «መጀመሪያ ሻይሽን ጠጪ እማዬ።»

«ሰው እየጠበቀኝ?»

«ይጠብቃሉ። ሻይሽን ጠጪ።»

ፊቴን ቀና ብላ አየችው። ምን እንዳየች አላውቅም፤ ፈገግ ለማለት ሞክሬ ነበር። ብርጭቆውን አነሳች። ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው አውርጄ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት፣ ፍሙን በአመድ ሸፈንኩት። ከዚያ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

እሷ ዳቦዋን እየነከረች በላች። ስለ ሽማግሌው ታወራለች፣ ደግ ሰው ነበሩ ትላለች፣ ታምራት ሲመጣ እሱም ቀብር መድረስ አለበት ትላለች። እኔ እሺ እላታለሁ። ብርጭቆው ባዶ እስኪሆን ጠበቅኳት። ሲያልቅባት ከእጇ ተቀብዬ አጠብኩት፣ ቦታው መለስኩት፣ ወጥቼም ግቡ አልኳቸው።